ሠዓሊው የት ገባ? ከግሽ ዓባይ የተገኘ አንድ የጥናት ጉዳይ

የማስተርስ ጥናት የሠራ ሰው ይህችን ያውቃታል። ጽሑፉ ውስጥ ሠንጠረዥ ቢገባ ማንም አይናገርም። ፎቶ ቢገባም ችግር የለም። በእጅ የተሳለ ነገር ከታየ ግን አማካሪው እስክሪብቶውን ያነሳና «ይሄ ወደ አባሪ ይሂድ» ይላል። አንዳንዱማ ጭራሽ «ይውጣ» ነው የሚለው። ሥዕል ለሕፃናት መጽሐፍና ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጂ ለጥናት ምን ይፈይዳል የሚል ነገር በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ አለ።

በዚህ ጉዳይ ከመከራከር አንድ የሆነ ነገር ብተርክ ይሻለኛል። ነገሩ የሆነው እዚሁ ጎጃም ነው፤ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ባለጉዳዮቹ ፈረንጆች ናቸው። ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳያምታታችሁ።

ጄምስ ብሩስ የሚባለውን ስኮትላንዳዊ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ የመጣው፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ የሰነበተው፣ አገሩ ገብቶ በ1790 የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው ሰው ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ባሉጋኒ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ፣ የሕንፃ ንድፍ የተማረ ጣሊያናዊ ነበር። ብሩስ አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሳለ በ1765 ቀጠረው። የተቀጠረው ለመሳል ነው።

መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሾች፣ ቀጥሎ የሶርያዋን ፓልሚራንና የሊባኖሷን በኣልቤክን፣ የጥንት ፍርስራሽ ያለባቸውን ከተሞች፣ እየለኩ ሳሉ። እየለኩ ነው የምላችሁ። አንድ ጸሐፊ «ብዙ ዓምዶች ያሉት ቤተ መቅደስ አየሁ» ብሎ ማለፍ ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም። ሠዓሊ እንዲህ ብሎ አያመልጥም፤ ወረቀቱ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ስድስት ነው ወይ ሰባት። ባሉጋኒ በዚህ ሥራ ዓመታት ተገርቶ ነው እኛ አገር የመጣው። በኋላ ቅጠልና አበባ ሲሰጡትም የያዘው ያንኑ የሕንፃ ለኪውን ዓይን ነበር።

በ1769 በምጽዋ ገቡ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሱ። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ነው። ዙፋኑ ላይ ያለው ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነው። አገሩ በጦርነት እየታመሰ ነው። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በዳሞቱ ገዥ በፋሲል እጅ ነበር፣ ያለሱ ፈቃድ ንቅንቅ የለም። ፋሲልም ከብዙ ማንገራገር በኋላ ፈቀደና አንድ ፈረስ ከነኮርቻው ሰጠ። ፈረሱን እንዳትቀመጥበት፣ ከፊትህ እየነዳህ ሂድ፣ የሜጫ ሰው ይህን ፈረስ ካየ አይነካህም አለው። የይለፍ ወረቀት ሳይሆን የይለፍ ፈረስ! ይህችን ታሪክ ባነበብኳት ቁጥር እስቃለሁ።

ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሱ። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት መገባደጃ ላይ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ሜዳው ገና ሳይደርቅ፣ አበባው ሳይረግፍ። ለሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ብሩስ መጽሐፉ ላይ እንደጻፈው ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። አብሮት የነበረውን ስትራቴስ የሚባል ግሪካዊም እንዲጠጣ ጠራው። የስትራቴስ ቀልድ ሳይቀር ተጽፏል። ባሉጋኒ ግን እዚያ ትዕይንት ውስጥ የለም። እንዲያውም ከመጽሐፉ የሚገኘው ስሜት ወደ ምንጩ ጉዞው ሳይጀመር ሞቷል የሚል ነው።

አልሞተም ነበር። ግሽ ድረስ ሄዷል። የጉዞ ማስታወሻውን በጣሊያንኛ እየጻፈ፣ መንገዱን እየመዘገበ፣ እየሳለ። የሞተው ተመልሰው ጎንደር ከገቡ በኋላ ነው፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ላይ። ሥዕሎቹን ብሩስ ይዟቸው ወጣ። አውሮፓ ሲደርስም «የኔ ናቸው» አለ። አንድ ወጣት ጣሊያናዊ ረዳት እንደነበረው አልካደም፣ ሥራውን ግን አሳነሰው።

ለምን እንዲህ አደረገ? እኔ እንደሚገባኝ ብሩስ ምንጩን ያየ ብቸኛ አውሮፓዊ መሆን ነበር የፈለገው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ በ1618 እዚያው ቆሞ አይቶ ጽፏል። ብሩስ እሱንም አላየም ብሎ ሊያስተባብል ብዙ ገጽ ደክሟል። ከፊቱ የቀደመውን ፓኤዝን የካደ ሰው አጠገቡ የቆመውን ባሉጋኒን ቢሰርዝ ምን ይገርማል።

ዋናው ነገር ግን የብሩስ ባሕርይ አይደለም፣ ሥዕሎቹ ናቸው።

የመጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ነው። የዕፅዋቱ ክፍል አብዛኛው የተሰየመው በኛው ስም ነው። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቀንጠፋ፣ ወልክፋ፣ ዋጊኖስ፣ እንሰት፣ ጤፍ። አጻጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢወላገድም ጮክ ብሎ ላነበበው ጎጃሜ ሁሉም የጓሮው ነገር ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ደስ የሚሉ ነገሮች አሉ። ዋንዛ ዝናቡ እንዳቆመ ወዲያው ስለሚያብብ ጎንደርና ዙሪያዋ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ይመስላሉ ይላል። ስለ ቀንጠፋ ደግሞ፣ ንጉሡ ለጉዞ ሲነሣ በየአቅጣጫው ቀንጠፋ ይቆረጥ፣ በየት እንደምሄድ አላውቅምና የሚል አዋጅ ይነገር ነበር ይላል። በቀንጠፋ ልብሱ የተያዘ ሰው ብቻ ነው የዚህን አዋጅ ቁም ነገር የሚረዳው።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ጽሑፉ ወሬም፣ ትዝታም፣ ጉራም ተቀላቅሎበታል። ብሩስ አገሩ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የጻፈው። ሥዕሉ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ቅጠሉ ሳይጠወልግ በእርሳስ ይነደፋል፣ ቀጥሎ በውኃ ቀለም ተሠርቶ ያልቃል። ቅርንጫፉ ይሳላል፣ ከጎኑ አበባው ተነጥሎ፣ ተከፍቶ፣ የውስጡ ክፍል ተለይቶ ይሳላል። ይህ ጌጥ አይደለም፣ ምርመራ ነው። አበባውን ሳይበጥሱ ውስጡን መሳል አይቻልም፣ ከበጠሱት በኋላ ደግሞ ቅጠሎቹን መቁጠር ግዴታ ነው። ፎቶ እዚህ ላይ አያግዝም። ፎቶ ፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል ያነሳል፣ ጥላውንም፣ ጉንዳኑንም፣ ከኋላ የሚያልፈውን አህያም። ሠዓሊ ግን ይመርጣል፣ ሲመርጥም «ይህ ከዚህ ይለያል» ብሎ እየወሰነ ነው። አበባና ፍሬ በተለያየ ወር ቢገኙም አንድ ገጽ ላይ አብረው ሊያስቀምጣቸው ይችላል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ የለም፣ ዕፅዋቱን ለመለየት ግን የሚጠቅመው እሱ ነው።

እንሰትን እንውሰድ። ዛሬ እንሰት ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ከፋ ነው የሚሄደው። ጎጃም ውስጥ ኮባ እንለዋለን፣ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ቅጠሉ ከሥር ይነጠፋል፣ አለቀ። ብሩስ ግን በ1770ው ጉዞ ያየውን ሲጽፍ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ በሜጫና በዚያ አካባቢ እንሰት በሰፊው እንደሚተከልና የሰዉ ዋና ምግብ እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጠራጣሪ ሰው «ሙዝ አይቶ ይሆናል» ሊል ይችል ነበር፣ ብሩስን ደግሞ በዘመኑ ውሸታም ያላለው አልነበረም። የባሉጋኒ ሥዕል ሲጨመርበት ነው ክርክሩ የሚያበቃው። የተሳለው እንሰት ነው። የምግብ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ከአንድ አካባቢ ማዕድ ላይ አንድ ተክል ተነሥቶ ወደ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠልነት መውረዱን የሚያሳይ ነው።

ሥዕሎቹን ዛሬ ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ሰከላ ሄጄ አንዲት እናት ቤት ቡና ስንጠጣ አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ይቺን ያውቋታል?»

«ኮባ ናታ! ምን ትሆናለች ሌላ ልጄ።»

ቀጥዬ ኮሶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ኮሶማ ነው። ሴቴዋ ናት ወንዴው?»

እኔ ምን አውቃለሁ። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ነው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለው አበባ ነው። ልጃቸው ከወዲያ ሆኖ «እማዬ ደሞ፣ ሥዕል ወንድና ሴት አለው እንዴ!» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አበባው ሲንዠረገግ እንዴት እንደሚመስል፣ ለመድኃኒት መቼ እንደሚለቀም፣ ሰው አብዝቶ ከጠጣው ምን እንደሚሆን ሁሉ ነገሩን። መጠይቅ ይዤ «ኮሶን በምን በምን ይለዩታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ይህን አላገኝም ነበር፣ «በአበባው» ብለው ያልፉኛል። ሥዕሉ ግን ጎደለ ወይ ተሟላ የሚባል ነገር ስለሆነ ሰውን ወደ ማረም ይስበዋል። በሥዕል የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ባለሙያው ፊት የቀረበ ንድፍ ራሱ ጠያቂ ነው።

እውነቱ እንዴት ወጣ? ብሩስ በ1794 ከሞተ በኋላ አሌክሳንደር መሪ የሚባል የቋንቋ ሊቅ ወረቀቶቹን መርምሮ መጽሐፉን በ1805 እንደገና አሳተመ። የባሉጋኒ የጣሊያንኛ ማስታወሻ እዚያ ነበር፣ ወደ ምንጩ የተደረገው ጉዞም እዚያ ውስጥ ነበር። ሞተ የተባለው ሰው በገዛ እጁ ጽፎ ተገኘ ማለት ነው። የፍርስራሾቹ ሥዕሎች አስቀድመው ወደ እንግሊዝ ነገሥታት ስብስብ ገብተዋል። የዕፅዋቱና የእንስሳቱ ግን ብዙ ቆይተው አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ያለው የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ደረሱ። በ1991 ፖል ሀልተን፣ ናይጄል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ የዕፅዋቱን ሥዕሎች አጥንተው እያንዳንዱን ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር አገናኝተው አሳተሙ፣ የመጽሐፉም ርእስ ላይ የባሉጋኒ ስም ወጣ። ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት። ዕፅዋት አጥኚዎች እነዚያን ወረቀቶች ዘርግተው ተክሎቹን ለይተው ማወቅ መቻላቸው የሰውየውን ሥራ ጥራት ከማንም ምስክርነት በላይ ይናገራል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ምክንያቱም «ሥዕል ውጤት አይሆንም» የሚለው ሰው ይህን አልሰማም። በዕፅዋት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ከ1908 በፊት የታተመ የተክል ሥዕል የተክሉን ክፍሎች ዘርዝሮ ካሳየ በጽሑፍ መግለጫ ምትክ ይቆጠራል። ቃል ባይጻፍም ማለት ነው። የተክል ስም የሚቆምበት ናሙና ከሌለ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ዋቢ ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። እንግዲህ በዚህ ሙያ ሥዕል የጥናት ውጤት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከተዘጋ ቆይቷል።

ኮሶ ደግሞ እዚህ ጋ አስገራሚ ታሪክ አላት። ብሩስ በወዳጁ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎ ሰይሟት ነበር። ያ ስም ግን ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ቀድሞ ተሰጥቶ ኖሮ አልተቻለም። ስለዚህ ግመሊን የሚባል ጀርመናዊ በ1791 ሀጌኒያ አቢሲኒካ አላት። ዛሬ ሙሉ ስሟ ሲጻፍ የብሩስ ስም በቅንፍ፣ ቀጥሎ የግመሊን ስም ይከተላል። ዋጊኖስም ለተቅማጥ መድኃኒትነቱ በብሩስ ስም ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ ተብሏል። አበባውን በጥሶ፣ ቆጥሮ፣ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ስም ግን ከሁለቱም ዘንድ የለም። ደንቡ ስሙን ያሳተመውን እንጂ የሳለውን አይጠራም። ሕጋዊ ነው፣ ይገባኛል። ፍትሐዊ ነው ግን አልልም።

ለብሩስም ልናገርለት። ጉዞውን ያሰበው እሱ ነው። ገንዘቡን አውጥቷል፣ ከሹማምንቱ ጋር ተደራድሯል፣ ዐረብኛና ግዕዝ አጥንቷል፣ ወረቀቶቹን በሱዳን በረሃ አሻግሮ አድርሷል። እሱ ባይኖር ሥዕሎቹ ጎንደር ላይ ብል በልቷቸው ቀርተው ነበር። መሳልም ራሱ ይችል ነበር፣ ለዚህ ነው «የኔ ናቸው» ሲል ሰው ያመነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የጥናቱ መሪ ያደርገዋል። ዓይን ግን አያደርገውም። ዓይኑ የባሉጋኒ ነበር።

ሠዓሊን ያለ ስም መተው የፈረንጅ ብቻ አይደለም፣ እኛም ጋ ሞልቷል። በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ወድቀው የተሳሉት ባለጸጎች ስማቸው ተጽፏል፣ ያሠሩት ናቸውና። የሳለው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በነገራችን ላይ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት በደቅ ደሴቷ ናርጋ ሥላሴ በር ላይ ፒፓ የሚያጨስ ፈረንጅ ተቀርጿል፣ ብሩስ ነው ይላሉ። ሰውየው በበርም፣ በዛፍም ስም አግኝቷል።

እና ዛሬ ጎጃም ውስጥ ሥዕል ይዞ ጥናት ለሚሠራ ልጅ፣ የሞፈርና የቀንበርን አሠራር ለሚነድፍም፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ዕፅዋት ለሚለቅምም ጉዳዩ ምኑን ይነካዋል? እኔ የምለው፣ ሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ነገር ከሥዕሉ እኩል ነው። ማን ሳለው፣ የት፣ መቼ፣ ከፊቱ ተክሉ ነበረ ወይስ ፎቶ፣ መጠኑ ስንት እጥፍ ነው፣ ስሙን ማን ነገረው። የመጀመሪያዋ የተቆራረጠች ንድፍም አትጣል፤ ባሉጋኒን ከጉድጓድ ያወጡት ያለቁት ሥዕሎች ብቻ ሳይሆኑ ማስታወሻውና ጅምሮቹ ጭምር ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል፣ ያ ከ1980 እስከ 2009 በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የተሠራው ስምንት ቅጽ፣ በቀለም ብዕር በተሠሩ ንድፎች የተሞላ ነው። ፎቶ ጠፍቶ አይደለም። በዚያ ዘመን ካሜራ በየቢሮው ነበር።

አሁን ብዙ የጥናት መጽሔቶች ጽሑፍ ሲላክላቸው ማን ምን እንደሠራ አስሞልተው ይቀበላሉ። የሥራ ድርሻዎቹ 14 ናቸው፤ ሐሳቡን ያመነጨ፣ ገንዘብ ያገኘ፣ የመራ፣ የመረመረ፣ የጻፈ፣ በምስል ያቀረበ እያለ ይሄዳል። ብሩስ በዚህ ዝርዝር ላይ ብዙ ቦታ ያገኝ ነበር፣ ይገባዋልም። ባሉጋኒን ግን «በምስል ያቀረበ» ከሚለው ሥር ብቻ የሚያስቀምጠው ሰው ካለ ጋር አልስማማም። ምስል ማቅረብ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው። እሱ የገባው «የመረመረ» ከሚለው ሥር ነው፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ።